ሽመል የት ያድራል?

ነገ የአያ ጥሩነህ ሙት ዓመት ነው። ዛሬ ጧት ድንኳን ላስወስድ ወደ ፈረሰኞች ማኅበራችን ቤት ጎራ ብል፣ ጸሐፊዋ ሰላም «ጋሼ፣ ይምጡማ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ከኮምፒውተሯ ፊት አስቀመጠችኝ። «የፈለጉትን ፈረስ ስም ይጥሩ» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን አዘና ከተማ የሚያድር የአንድ ፈረስ ስም ነገርኳት። ጣቷን ከማንሳቷ መልሱ መጣ፤ ባለቤቱ ይህ፣ የሚያድርበት ቤት ያ፣ የጠባቂው ስልክ ይኸው። ሊቀመንበሩ ከኋላችን ቆመው ኖሮ «የእርስዎ ምክር እኮ ነው! ምን የመሰለ ነገር ሆነ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ይህንኑ ነገር፣ በዚሁ ቤት፣ ቆሜ ስለምናቸው የሳቁብኝ እኮ እነሱው ናቸው! ያኔ ሰምተውኝ ቢሆን ኖሮ አያ ጥሩነህ በወጉ ይቀበር ነበር። ድንኳኑን ባጃጅ ላይ አስጭኜ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳልል ወጣሁ።

ንዴት ሲይዘኝ ሐሳቤ ወደ ድሮው ይሸሻል፤ እርጅና ይሁን አመል አላውቅም። አያ ጥሩነህ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ቤቱ ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ፣ በዕድሜም ታላቄ። ለትምህርት አዲስ አበባ ስሄድ በፈረሱ አፈናጦ ዳንግላ ያደረሰኝ እሱ ነው። አውቶቡሱ በእንጅባራ ያልፍ ነበር፤ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ስለሚመጣ፣ ወንበር የፈለገ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ዳንግላ መሳፈር ነበረበት። እንጅባራ ያን ጊዜ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተኮለኮሉ የቆርቆሮ ቤቶች እንጂ ከተማ አትባልም፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይገፈፍላትም፣ ድንቹንና ቀርከሃውን መንገድ ዳር ዘርግተው የሚሸጡት ሴቶች በጋቢ ተጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታይ። ዳንግላ ግን ዳንግላ ነበረች። ሻይ በዳቦ በሃምሳ ሳንቲም፤ ዳቦው ደግሞ ዛሬ ብር ሰጥተን ከምንገዛው አየር የሚሻል፣ ሲቆርሱት የሚታገል ዳቦ። የሻይ ቤቱ ቴፕ ክራር የበዛበት ዘፈን ያንቆረቁራል፤ ካሴቱ ሲጠመዘዝ ባለቤቱ አውጥቶ በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። እኔ ትከሻው የሰፋ የሰልባጅ ኮት ለብሻለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። አያ ጥሩነህ አረንጓዴ ቁምጣውን በካኪ ኮት ለብሶ፣ ለሻዩም ለአውቶቡሱም ከእኔ ቀድሞ ኪሱን ዳበሰ። የፈረሱ ላብ ልብሴ ላይ ቀርቶ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ አብሮኝ ሄደ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ኧረ መስኮቱን ክፈተው ልጄ» እያለች ስትነዘንዘኝ ዋለች።

ከትምህርት በኋላ የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ፒያሳ አጠገብ ነበር። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል እንደ እንጅባራ ጧት ይበርዳል፤ ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተብሎ። እኛ ኮታችንን ደራርበን፣ እጃችንን እያሻሸን እንሠራለን፣ በመስኮት የሚታየው ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። የማዕዘኑ ካሴት ቤት አዲስ ዘፈን ሲወጣ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ይለቀዋል፤ ደመወዝ የደረሰለት አጥብቆ የተተኮሰ ሱሪውን ለብሶ፣ ጫማውን በሃያ አምስት ሳንቲም አስጠርጎ፣ ማኪያቶ ይዞ ይቆማል። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰብለ ውጭ አገር ተምራ የመጣች፣ ሰማያዊ የሱፍ ሹራቧን ክረምት ከበጋ የማታወልቅ፣ ቁጡ ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን አዲስ ዓይነት የመረጃ ቋት ይዛ መጣች። ከዚያ በፊት መረጃ በሠንጠረዥ ነበር የሚቀመጠው፤ የሰውየው ስም አንዱ ጋ፣ ቤቱ ሌላው ጋ፣ ልጆቹ ሌላው ጋ ተበትኖ። አዲሱ ግን ነገሩን እንደ ነገሩ ይይዛል፤ ሰውየውን ከነቤቱ፣ ከነልጆቹ፣ አንዱ ሌላውን እየጠቆመ። አንዱን ሙሉ ነገር «ኦብጀክት» እንለዋለን። ደስ ይል ነበር፤ ቀርፋፋነቱ ነው እንጂ! የአንድ ሰው ስልክ ስትጠይቀው ሰውየውን ከነዘር ማንዘሩ እየጎተተ ያመጣል። ጥያቄውን ሰጥተነው ወጥተን፣ ማኪያቶ ጠጥተን፣ ካሴት ቤቱ ፊት ቆመን ዘፈን ጨርሰን ስንመለስ ገና ይፈልጋል።

አንድ ቀን ወይዘሮ ሰብለ ማሽኑን እየተሳደብኩ ደረሰችብኝ። «ና እስቲ» አለችኝ፤ «እናትህ ቤት የሚበላው ጤፍና ዘሩ አንድ ጎታ ነው የሚቀመጠው?» የለም አልኳት። «ለምን?» አለች። «የሚበላው በየጊዜው ይቀዳል፤ ዘሩ የሚነካው ሲዘራ ብቻ ነው» አልኳት። «በቃ! ሥራችን ይኸው ነው። ሰው ዘወትር የሚጠይቀውን ቀላሉን ነገር ለብቻው፣ በር አጠገብ አድርግ። ከባዱን፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን፣ ከጓዳ አስቀምጥ። ደግሞ የሚጠየቁት አብረው ከሆነ አብረው ይደሩ። ስትከፍል ሰው የሚጠይቀውን እያየህ ክፈል፣ የቢሮውን ግድግዳ እያየህ አትክፈል።» እንደዚያው ከፈልነው። መልሱ ከወንበር ሳንነሳ መምጣት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ማኪያቶአችን ቀረብን ብለን ለጥቂት ጊዜ ማኩረፋችን አልቀረም። ያን ክፍል እንደ ቤተሰብ ቤት ነው የማስታውሰው፤ ያን ቁጣዋን ዛሬ የሚተካልኝ ባገኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ!

ክረምት ለፈቃድ ስመጣ አያ ጥሩነህ አጠገቡ አስቀምጦ «እስቲ የምትሠራውን ንገረኝ» ይለኝ ነበር። ሠንጠረዥ ምን እንደሆነ ሳስረዳው አፉን እያዛጋ ይሰማኛል። ስለ አዲሱ ስነግረው ግን ዓይኑ በራ። «ለምሳሌ የአንተን ፈረስ ብናስገባው» አልኩት፣ «ከነእናቱ፣ ከነባለቤቱ፣ ከነኮርቻው ሙሉውን ይይዘዋል።» «ሙሉውን?» አለ። «ሙሉውን» አልኩት። «ይኼ ነው ሰው የሠራው ማለት!» አለና ይታይሽን ጠርቶ እንደገና አስነገረኝ። ይታይሽ ሚስቱ ናት፤ እኔ እቴ ነው የምላት። እሷ ደግሞ «ሣሩንስ ማን ያጭድለታል?» ብላ ሳቀችብን።

ዘመኑ እንዲያ እንዲያ እያለ ሄደ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ ስመለስ እንጅባራ ፎቅ ጀምራለች፤ ባጃጅ ያራውጣታል፣ ከሰል የጫነ አይሱዙ ይተራመስባታል፣ ልጆቿ ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ይሄዳሉ። ያልተለወጠው ፈረሱ ነው። የእኛ አገር የፈረስ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሰው፣ የሚያኖረው ሌላ ሰው፣ ለበዓል የሚጋልበው ደግሞ ሌላ። ሣር ሲያጥር ከወንድም ወደ አማች፣ ከአማች ወደ ወዳጅ ይዛወራል። ሠርግ ወይም ቀብር ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ማኅበሩ ቤት መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ፈረሱ አሁን የት ያድራል? ማኅበራችን አባላቱን አስተባብሮ ለእንጅባራ፣ ለዳንግላ፣ ለጫግኒና ለአዘና አንድ አንድ ኮምፒውተር ገዛ፤ ሰላም ተቀጠረች፤ እሷም ጎበዝ ልጅ ናትና ፈረሱን ሁሉ እንደ ድሮው የእኛ ቋት ሙሉ ሙሉውን የሚይዝ ነገር ሠራች። የቀረው መረጃውን በአራቱ ኮምፒውተሮች መክፈል ነበር። «አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ አለን» ተብዬ ስብሰባ ተጠራሁ። ወይዘሮ ሰብለ የነገረችኝን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። የፈረሱ ስም፣ የሚያድርበት ቤትና የጠባቂው ስልክ ቀላል ነገር ነው፣ እሱን ለይተን በአራቱም ቤት እናስቀምጥ፤ ፎቶው፣ የእናቱ የአያቱ ዘር፣ ክትባቱ ከባድ ነው፣ እሱ ለብቻው ይሁን አልኩ።

ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ ተናወጠ። የአዘናው ተወካይ ብድግ አለ፤ «የእኛ ፈረስ ጫግኒ ምን ሊሠራ ያድራል? ጌታ የለውም እንዴ? የእኛ እኛው ዘንድ ይደር!» የጫግኒው አቶ ኑሩ፣ ደግ ነጋዴ ናቸው፣ ኮምፒውተሩም እሳቸው ሱቅ ነው የተቀመጠው፣ «ጫግኒ ደግሞ ምን ሆነች? እንግዳ አክብራ አታውቅም?» ብለው ተቀየሙ። «ጎበዝ፣ የሚያድረው ፈረሱ አይደለም፣ ስሙ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በአገራችን የት እንዳደረ የማይታወቅ ፈረስ ሌባ እንደነካው ነው የሚቆጠረው፤ ወሬውም እንደ ፈረሱ በጌታው ደጅ ካልታሰረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ያም ይሁን፣ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ አያ ጥሩነህ ነው። ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና «አንተ አልነበርክ» አለኝ፣ «ያን ጊዜ ፈረሱን ከነእናቱ፣ ከነባለቤቱ ሙሉውን ይይዘዋል ያልከኝ? ዛሬ ደግሞ ስሙን ከገላው ልትለይብን ነው? እኔ በሕይወቴ ለሁለት የተከፈለ ፈረስ አላየሁም!» ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ሞላ። ሰላም አንገቷን ደፋች፤ ቅጥር ናት፣ ምን ትበል። መረጃው በባለቤቱ ወረዳ፣ ሳይነጣጠል፣ እንዲከፈል እጅ ወጣ። የአያ ጥሩነህ እጅ ከሁሉም ከፍ ብሎ ነበር። ስንወጣ «ተቆጣህ?» አለኝ። «ታየዋለህ» አልኩት። ተሳስቀን ተለያየን።

ኋላ አያ ጥሩነህ ታመመ። ሽመል የሚባለውን ፈረሱን፣ እንደ ስሙ ቀጥ ያለ ዳማ ነው፣ ጫግኒ እህል ለሚነግደው ልጁ ለአላምረው ሰጠው። አላምረው ከከተማ ምን ሊያደርገው፣ አዘና ለሚኖር ወዳጁ አስጠበቀው። አያ ጥሩነህ እየደከመ ሲሄድ ስለ መሬቱም ስለ ከብቱም አልተናገረም። ይታይሽን «ሽመል ሳይቀድመኝ ከዚህ ቤት እንዳታስወጭኝ» ብቻ አላት። የማኅበራችን ወግ ነው፤ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ በልጓሙ እየተሳበ፣ ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል። ሌላ ፈረስ አይተካውም። ፈረሱ ያልቀደመው ሰው፣ ምን ቢያለቅሱለት፣ እንደ ባዳ ተሸኘ ነው የሚባለው።

በመኸር ሰሞን በአንድ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ አረፈ። ስደርስ ይታይሽ ደረቷን እየመታች ነበር፤ እኔን ስታይ አቆመችና «ፈረሱን አስመጣልኝ» አለችኝ። ወደ አላምረው ተደወለ፤ እህል ሊጭን ቆላ ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም። ወደ አዘናው ወዳጁ ተደወለ፤ ሚስቱ አነሳችው። «ለአጨዳ ቆላ ሲወርድ ለሌላ ወዳጁ ሰጥቶት ነው የሄደው፤ ለማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፣ ማኅበር ቤት አስመዝግቤያለሁ ብሏል» አለች። ጎረምሶቹ ለሚያውቁት ሁሉ ደወሉ፤ አየሁት የሚል ጠፋ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ገና ረፋድ ስለነበር ልቤ ሙሉ ነበር፤ ባጃጅ ይዤ ወደ ሰላም በረርኩ።

ሰላም «ሽመል» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ የእንጅባራን ክፍል አሰሰ፣ የለም። ዳንግላን ጠየቀ፣ የለም። አዘናን ጠየቀ፣ የለም። ጫግኒን ሲጠይቅ ቆመ። ባለቤቱ የጫግኒ ሰው ነውና ፈረሱ ያለው እዚያ ነው፤ ጫግኒ ደግሞ መብራት ጠፍቷል። አቶ ኑሩ ዘንድ ደወልኩ። «ኢና ሊላሂ! ጥሩነህ?» አሉ። ከዚያ «ጄኔሬተር ፈልጌ አስነሣለሁ፣ ጠብቁኝ» አሉ። እስኪለምኑ፣ ነዳጅ እስኪያስገዙ፣ ቀትር አለፈ። ሲነሣ እኔና ሰላም እጃችንን አጨበጨብን። ምን ዋጋ አለው! አቶ ኑሩ ጋ የሚታየው የጠባቂው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስሙና ቤቱ ጠባቂው ባለበት ወረዳ ክፍል ነው ያለው፤ የቱ ወረዳ እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ አይናገርም። በቁጥሩ መፈለግ የሚችለውም ቋቱ ብቻ ነው፤ ራሱ ፈልጎ እስኪያገናኝ መጠበቅ ነው። እሱ ደግሞ የሽመልን እናት ከእንጅባራ፣ አያቱን ከአዘና መጎተት ጀመረ። «የአያቱን ማን ጠየቀ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «የሚያድርበትን ብቻ አምጭልኝ!» ሰላም ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ጋሼ፣ መነጠል አይቻልም እኮ፤ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ ተወስኖ የለ እንዴ» አለችኝ።

ፎቶው መምጣት ጀመረ። በዚያ በሚያነክስ ኔትወርክ ከላይ ወደ ታች፣ በቀስታ። መጀመሪያ ሰማይ፣ ከዚያ የሰው ባርኔጣ፣ ከዚያ የአያ ጥሩነህ ፊት። ኮርቻው ላይ ሆኖ ይስቃል። ከስሩ የሽመል ጆሮ፣ ግንባሩ፣ በጌጥ የተሸለመው አንገቱ። ስልኬ ጮኸ፤ ይታይሽ ናት። «መልስ መጣ?» አለችኝ። «አልመጣም እቴ።» «ምን ይላል?» «እየፈለግሁ ነው ይላል።» ከወዲያ ለቅሶው ይሰማኛል። «ቄሶቹ ተነሡ እያሉ ነው» አለች። የባሏ ፎቶ ፊቴ ተደቅኖ፣ የምፈልጋት አንዲት መስመር ከስሩ ገና አልመጣችም። አያ ጥሩነህን እዚያው ተሳደብኩት፤ በአገውኛ፣ ሰላም እንዳትሰማ። ስሙ ከገላው አይለይ ያልከው አንተ፣ እጅህን ከሁሉ በላይ ያወጣኸው አንተ፣ አሁን ማንን ልጠይቅልህ? አልኩት። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወደ ቀብሩ ሄድኩ።

ይታይሽ ከደጃፉ ቆማ «ትንሽ ቆዩ» ትላለች። ቆዩላት። እንደገና «ትንሽ» አለች፣ ቆዩላት። በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ቄሱ ቀረብ ብለው በቀስታ «ልጄ፣ ከዚህ በላይ አይሆንም» አሏት። የማኅበሩ ፈረሰኞች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ነበር፤ ከአስከሬኑ ፊት፣ ሽመል የሚሄድበትን ቦታ፣ ማንም ሳያዛቸው ባዶ ተዉለት። አስከሬኑ ከዚያ ባዶ ቦታ ኋላ ወጣ። ሕዝቡ ሁሉ ያንን ቦታ ያያል፤ ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያሉ። እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ጥርሴን ነክሼ ተከተልኩ፤ ለማልቀስ እንኳ ንዴቱ አላስቻለኝም።

ከቀብር ተመልሰን ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ የሰላም ባጃጅ ደረሰ። «ጋሼ፣ ዳንግላ ነው!» እያለች ሮጠች፤ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አስፋልቱ ዳር!» ዳንግላ! በአይሱዙ ቢጫን ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ የሚደርስበት! ቀትር ላይ ብናውቅ በሩጫም ይደርስ ነበር። የዳንግላው ሰውዬ ምንም አልሰማም፤ ሲደወልለት በድንጋጤ ፈረሱን አጥቦ፣ በራሱ ጌጥ ሸልሞ፣ አስጭኖ መጣ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሽመል ከመኪናው ወረደ፤ ጆሮውን አቁሞ ሕዝቡን እያየ፣ የግቢውን በር ሲያይ አናፋ። ሊቀመንበሩ ልጓሙን ተቀብለው «ቢዘገይም ደርሷል፤ እስከ መቃብሩ እናድርሰው» አሉ። ሁለት ሦስት ሰዎች «ይሁን፣ ይሁን» አሉ። ይታይሽ ከድንኳኑ ወጣች። ፈረሱን አላየችውም፤ ሊቀመንበሩን፣ ከዚያ ሰላምን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አሁን ማንን ሊቀድም ነው?» አለች።